ለቡቺ ሐኪሞች ምስጋና፤ ውሻ ላላችሁም ጥቆማ

ምስጋናችን በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ለሚገኘው የእንስሳት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ቡድን ነው፤ ለዶክተሯ፣ ለአልትራሳውንድ ባለሙያው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሌሊት ተረኛ ቴክኒሺያኖች። የ10 ዓመቱ ኮከር ስፓንየል ቡቺ የሐሞት ከረጢቱ ወጥቶለት ዛሬ ደኅና ነው። «ጎበዞች ናቸው» ብሎ ማለፍ ስለማይበቃቸው ምን እንዳደረጉና ለምን እንዳደረጉት እንጽፋለን። ሌላ ቦታ የምታሳክሙም ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቁበታላችሁ።

ቡቺ የገባው እያስታወከና ምግብ እምቢ እያለ ነው። የደም ምርመራው ኤኤልፒና ኤኤልቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች መጨመራቸውን አሳየ፤ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን ግን ገና ብዙም አልወጣም፣ ዓይኑም ቢጫ አልሆነም። እዚህ ላይ የማስታወክ መርፌ ወግቶ መሸኘት ቀላል ነበር። እነርሱ በዚያው ቀን አልትራሳውንድ አነሡት። ከረጢቱ ለሁለት የተቆረጠ ኪዊ መስሎ ታየ፤ ቡቺን ሲያገላብጡትም ውስጡ ያለው ነገር ንቅንቅ አላለም። ይህ ሙኮሲል ይባላል፦ የከረጢቱ ግድግዳ ንፍጥ አብዝቶ ያመነጭና ሐሞቱ ረግቶ ዝልግልግ ይሆናል። ተራ ዝቃጭ ቢሆን ኖሮ ውሻው ሲገላበጥ ቦታውን ይለውጥ ነበር፤ ዝቃጭ ይዘው ምንም ሳይሆኑ የሚኖሩ ውሾች ደግሞ ብዙ ናቸው። ሁለቱን ለይቶ የሚነግራችሁን ባለሙያ አጥብቃችሁ ያዙ። ሼትላንድ ሺፕዶግ፣ ኮከር ስፓንየል፣ ሚኒየቸር ሽናውዘር ወይም ቦርደር ቴሪየር ያላችሁ፣ ወይም ውሻችሁ የኩሺንግ (ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን መብዛት) ወይም የታይሮይድ ማነስ ሕመም ያለበት ከሆነ፣ ይህ በሽታ ከሌሎች ይልቅ እናንተን ይመለከታል።

«መጀመሪያ በመድኃኒት አይሞከርም?» ለሚለው ጥያቄ ዶክተሯ በግልጽ መለሱ። ኡርሶዲዮል የሐሞትን ፍሰት ያግዛል፤ ሐሞትን ወደ አንጀት የሚወስደው ቱቦ ከተዘጋ ግን አይሰጥም። ሕመም ማሳየት የጀመረ ውሻ ላይ ማዘግየት ደግሞ ከረጢቱ እስኪፈነዳ መጠበቅ ነው። በ2018 በታተመ ጥናት፣ ቀድሞ ታቅዶ በተሠራ ቀዶ ሕክምና ከ100 ውሾች 2 ገደማ ሲሞቱ፣ ሁኔታው ከከፋ በኋላ በተሠራው ግን 20 ገደማ ሞተዋል። ይህን ልዩነት ሳይደባብቁ ስለነገሩን፣ ወጪውንም ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው በጽሑፍ ስለሰጡን እናመሰግናለን።

ከቀዶው በፊት የደም መርጋት ምርመራ አደረጉ። ምክንያቱን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ቫይታሚን ኬ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በሐሞት እርዳታ ነው፤ ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ጉበት ደም የሚያረጉትን ነገሮች በሚገባ መሥራት ያቅተዋል። ውጤቱ ከተዛባ ቫይታሚን ኬ ይወጋል። የደም ዓይነቱም ቀድሞ ተለይቶ ደም ተዘጋጅቶ ነበር።

ቀዶው ላይ የዶክተሯን እጅ የሚያስመሰግነው ከረጢቱን ማውጣታቸው ብቻ አይደለም። ካቴተር የሚባል ቀጭን ጎማ በዋናው የሐሞት ቱቦ አስገብተው በሳላይን (በጨው ውሃ) አጠቡ፤ ፈሳሹ ያለ እንቅፋት ወደ አንጀት መግባቱን ካዩ በኋላ ነው ወደ ማሰሩ የሄዱት። ጥቁር አረንጓዴ የሆነው ዝልግልግ ቁራጩ ቱቦው ውስጥ ቢቀር ከቀናት በኋላ መልሶ ይዘጋዋል። (ሁሉም ቀዶ ሐኪም ቱቦውን አያጥብም፤ መነካካቱ ቆሽትን ያስቆጣል የሚሉ አሉ። ሐኪማችሁ የትኛውን እንደሚመርጥና ለምን እንደሆነ ጠይቁ።) ከዚያ ከረጢቱን ከጉበቱ አላቀቁ፣ ቱቦውንና ደም ሥሩን አስረው ቆረጡ። ከረጢቱና ከጉበቱ የተወሰደች ትንሽ ናሙና ወደ ፓቶሎጂ (የሕብረ ሕዋስ ምርመራ)፣ ሐሞቱ ደግሞ ወደ ካልቸር (ባክቴሪያ የሚለይ ምርመራ) ተላኩ። ካልቸሩ እንዳይቀርባችሁ፤ ኢ ኮላይና ኢንተሮኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች አዘውትረው የሚገኙት እዚያ ነው፣ አንቲባዮቲክም በግምት ሳይሆን በውጤት ይመረጣል።

ከቀዶው በኋላ አስጊዎቹ የመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 3 ቀናት ናቸው። የሐሞት መፍሰስ፣ የቆሽት መቆጣት፣ የደም ግፊት መውረድ፣ ትውከት ወደ ሳንባ መግባት፣ ሁሉም የሚመጡት ያኔ ነው። ስለዚህ ሌሊት ሰው የሌለበት ክሊኒክ ለዚህ ቀዶ አይሆንም። የሌሊቷ ቴክኒሺያን የቡቺን ከንፈር ገልጣ ድዱን በጣቷ ትጫናለች፤ የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልሶ ሮዝ መሆኑን ታያለች። ቀጥላ የዓይኑን ነጭ፣ ግፊቱን፣ የሆዱን መወጠር ትመረምርና ትመዘግባለች። በሆድ ውስጥ ፈሳሽ ቢጠራጠሩ በመርፌ ቀድተው ቢሊሩቢኑን ከደሙ ጋር ያነጻጽራሉ፤ ከ2 እጥፍ በላይ ከሆነ ሐሞት እየፈሰሰ ነው። ሕመም ማስታገሻው ሳይቋረጥ፣ ቅባት የሌለው ምግብ በማንኪያ እየቀመሰ ነው ሌሊቱ የነጋው። እጃችሁ ይባረክ!

ቤት ሲገባ የተሰጠውን መመሪያ እናካፍላችሁ። ቅባቱ ያነሰ ምግብ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት፤ ስፌቱን እንዳይልስ ከአንገቱ የማይወልቅ ኮን፣ በማሰሪያ ብቻ አጭር መንሸራሸር፣ ዝላይና ደረጃ የለም፤ ስፌቱ ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይታያል። ኢቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ፈጽሞ አይሰጠውም። እኛ ቤት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ እንግዳ በፍቅር የሚወረውረው ጥብስና ወጥ። ቅቤው ቆሽቱን ይቀሰቅሳል፣ ሽንኩርቱ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። በበዓል ቀን በር ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ አትፈሩ።

ከረጢት ሳይኖር እንዴት ይኖራል ለምትሉ፣ ጉበቱ ሐሞት መሥራቱን አያቆምም፤ ሳይጠራቀም በቀጥታ ወደ አንጀት ይንጠባጠባል። በ2 ሳምንቱ የደም ምርመራ ኤኤልፒ ገና ከፍ ብሎ ቢገኝ አትደንግጡ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ትውከት ከተመለሰ፣ ሽንቱ ብርቱካንማ ከሆነ፣ ድዱ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሆዱ ከተነፋ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ውሰዱት።

የሆስፒታሉን ስምና ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስትደውሉ የደም ውጤቱን፣ የአልትራሳውንዱን ምስል ራሱን (ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን) እና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ይዛችሁ ጠብቁ፤ ዶክተሯ ቀድመው ማየት የሚፈልጉት እነዚህን ነው።