ቪጋኖችን ለማጥናት፦ መጠይቅ መበተን ወይስ አብሮ ማዕድ መቅረብ?

የእህቴ ልጅ የምትኖረው ለገጣፎ መሄጃ፣ ካራ ነው። ለሶሺዮሎጂ መመረቂያዋ ቪጋኖችን፣ ማለትም ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ሌላም ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ የማይበሉ ሰዎችን ልታጠና አስባለች። "አጎቴ፣ መጠይቅ ልበትን ወይስ ቁጭ ብዬ ላዋራቸው?" አለችኝ።

ወጪ፦ መጠይቅ በቴሌግራም ይላካል፤ ርካሽ ነው። ቃለ መጠይቅ የታክሲና የቡና ይጠይቃል። የተቀዳውን ወደ ጽሑፍ መገልበጡ ደግሞ ቀን ይበላል።

ስጋት፦ ዋናው እዚህ ጋ ነው። "ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ትበላለህ?" የሚል መጠይቅ ሁዳዴ ላይ ከተበተነ፣ በእነዚያ 55 ቀናት የሰፈሩ ግማሽ ቪጋን ይመስላል። ጿሚው ግን ፋሲካን ይጠብቃል። ቪጋን የሚለው ቃል በ1944 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የተፈጠረው ለእንስሳት በማሰብ ነው። ምክንያቱን የማይጠይቅ መጠይቅ ሁለቱን ይደባልቃል።

ቃለ መጠይቅም ጣጣ አለው። ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ ራሱን ያሳምራል።

ጥልቀት፦ ባለፈው ፋሲካ አንዲት ቪጋን ጎረቤታችን ጎመኗን በሰፌዱ ዳር ይዛ ተቀምጣለች። እናቷ የዶሮ ወጥ ጉርሻ ዘርግተው "በሞቴ!" ይላሉ። ይህን "በሞቴ" የትኛው የመጠይቅ ሳጥን ይይዘዋል? አሜሪካዊቷ የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ ኤልዛቤት ቼሪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ቪጋንነትን የሚያዘልቀው ከግል ቁርጠኝነት ይልቅ ደጋፊ ወዳጅ መሆኑን ያሳየችው ቪጋኖችን አነጋግራ ነው።

"ስንት ናቸው?" ለሚል መጠይቅ ይሻላል፤ ያውም ከጾም ውጪ። "ቤተሰብ መሃል እንዴት ይዘልቁታል?" ለሚል ግን አብሮ መቀመጥ ነው። የእሷ ጥያቄ ሁለተኛው ስለሆነ፣ ከፋሲካ ሳምንት ጀምሪ ብያታለሁ።