ጎሮ ያገኘናት የሕፃናት ሐኪም

ሁለተኛው ልጃችን በ1 ዓመት ከ2 ወሩ ሳልና ትኩሳት ይዞት መጀመሪያ የወሰድነው ለቤታችን ቅርብ ወደሆነ አንድ ክሊኒክ ነበር። እዚያ ልብሱ ሳይወልቅ፣ ማዳመጫውም ከሐኪሙ አንገት ሳይወርድ አንቲባዮቲክ ታዘዘለትና በ5 ደቂቃ ውስጥ ተሸኘን። ማዘዣውን እንደያዝኩ ፋርማሲ ከመግባቴ በፊት ጎረቤቴን ባማክራት፣ የራሷን ልጆች የምታሳክምበትን ጎሮ አካባቢ ያለ የሕፃናት ክሊኒክ ጠቆመችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሄድን። ነርሷ ልጁን ከነጃኬቱና ከነጫማው መዝና 9.8 ኪሎ ብላ ጻፈች። ዶክተሯ ካርዱን አይታ ልጁን ቀና ብላ ስታየው፣ «ይህ ከነልብሱ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝና ራቁቱን እንደገና አስመዘነችው፤ 9.3 ሆነ። የፓራሲታሞል ሽሮፕ መጠን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም እየተሰላ ስለሚሰጥ፣ ለሕፃን ግማሽ ኪሎም ቢሆን እንደማይናቅ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያም ደረቱን ገልጣ ትንፋሹን ልትቆጥር ስትል ልጁ ጩኸቱን አቀለጠው። «እናቱ፣ እስኪ ጡት ስጪው፤ ሲያለቅስ የተቆጠረ ትንፋሽ አይታመንም» ብላ፣ ውጭ ያለው ሰልፍ ምንም ሳያስቸኩላት፣ እስኪረጋጋ ጠበቀችን። ሰዓቷን እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረችና 34 አገኘች። በእሱ ዕድሜ፣ ማለትም ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ፣ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ፈጣን ትንፋሽ ስለሚባል የሳንባ ምች እንደሚያስጠረጥር፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ባሉት ላይ ግን መነሻው 50 እንደሆነ አስረዳችኝ። ሳንባውንና ጆሮውን ከመረመረች በኋላ ጉንፋን ነው ብላ አንቲባዮቲኩን አስቀረችው። ደም እንኳ አላስቀዳችም፤ ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ማመን አቅቶት ነበር። ጡት እምቢ ካለ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንድንሮጥ፣ ይህ ሁሉ ሳይኖር በ5 ቀን ካልተሻለው ደግሞ ወደ እሷ እንድንመለስ ነገረችን። በ4ኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፤ ሳሉ ግን ሳምንት ቆየበት።

የክትባት ካርዱንም ጠይቃ ስላየች፣ በ9 ወሩ የተከተበው የኩፍኝ ክትባት ሁለተኛው ዙር በ15 ወሩ እንደሚሰጥ አስታወሰችንና፣ በነፃ ወደሚገኝበት ወደ ቀበሌያችን ጤና ጣቢያ መራችን። ለራሷ ገበያ ብታስብ ኖሮ ይህን ባላደረገችው ነበር።

ክሊኒኩ እንከን የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ተራችን እስኪደርስ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ጠብቀናል። የሚያስላቸው ልጆችና ለክብደት ክትትል ብቻ የመጡ አራሶች በአንዲት ጠባብ ክፍል ታጭቀው ይቀመጣሉ፤ በዚያ ላይ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጆሮ ይበጥሳል። ስልካቸው እምብዛም አይነሳም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ስለማትገባ የሚያዩት ጠቅላላ ሐኪም ናቸው፤ እሳቸውን አልሞከርኳቸውም። ካርድ 400 ብር ሲሆን በ10 ቀን ውስጥ ለሚመለስ ልጅ ድጋሚ አይከፈልም። ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ የደረሰ ሰው ከሰልፉ ይተርፋል፤ ልጁን ግን በቀላሉ የሚወልቅ ልብስ ያልብሰው።