ባህር ዳር ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል፦ ከአብሮ አደጌ ደብቄው የኖርኩት ነገር

5 ኮከብ ነው የሰጠሁት፣ ከዛ በላይ ቢኖር እሰጥ ነበር። ስለ ሆስፒታሉ ብቻ ብጽፍ ግን ግማሹን ነው የምነግራችሁ፣ ምክንያቱም ቦታው እዛው እያለ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልሄድኩት ደብቄ ስለኖርኩ ነው።

ሞጣ አካባቢ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ሶስት ቀን አምጬ ሞቶ ተወለደ፣ ከዛ በኋላ ሽንቴ ዝም ብሎ ይፈስ ጀመር፣ ተኝቼም ቆሜም። ምጥ ሲረዝም የህጻኑ ጭንቅላት የእናትየዋን ስጋ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ደም ይከለክለዋል፣ ስጋው ይሞትና ቀዳዳ ይሆናል፣ ፊስቱላ የሚሉት ይሄንን ነው፣ ይሄን ያወቅኩት በኋላ ነው እንጂ እኔማ እርግማን ነበር የመሰለኝ። ከባሌና ከእናቴ መደበቅ አይቻልም። የደበቅኩት አብሮ አደጌን ነው፣ ከልጅነት ጀምሮ አብረን ውሃ የቀዳነውን።

ቡና ስትጠራኝ ራሴን አሞኛል፣ ማህበር ስትል እንግዳ መጥቶብኛል፣ ከሄድኩም በር ስር ተቀምጬ ቶና ሳይቀዳ እነሳለሁ። የአሮጌ ቀሚስ ቁራጭ አጣጥፌ ታጥቄ፣ ጤና አዳም ጉያዬ ሸጉጬ... ይቀንስልኛል ብዬም ውሃ አልጠጣም ነበር። እሱ ደሞ የባሰ ነው፣ ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይከብዳል፣ ሽታው ይብሳል፣ ጭኔን ሁሉ ልጦኝ ነበር። እዛ ስሄድ መጀመሪያ ያሉኝ ጠጪ፣ በደንብ ጠጪ ነው።

እሷ በኔ ወር ነው የወለደችው፣ የሷ ልጅ በህይወት አለ። ስሸሻት ለካ ልጇን ማየት የጠላሁ፣ የቀናሁባት መስሏት ኖሯል። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥታ "ልጄ ምን አደረገሽ?" ብላ ስታለቅስ እዛው ነገርኳት። ተቆጣችኝ! እንደዛ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እያለች ወጥታ ሄደች። በማግስቱ ስሜን ሳትጠራ ጤና ኤክስቴንሽኗን ጠይቃ መጣች፣ በሳምንቱ በአዴት አድርገን ባህር ዳር ገባን፣ መኪና ላይ ከስሬ ፌስታል አንጥፋልኝ እኔን መስኮት ጋ አድርጋ እሷ ከሰው በኩል ተቀመጠች።

ወደ አገልግሎቱ ስመጣ፣ ህክምናው በነጻ ነው፣ አልጋውም ምግቡም። በፈረንጅ 2005 የተከፈተ ነው፣ ከአዲስ አበባው ቀጥሎ በክልል የመጀመሪያው። እኔን የነካኝ ግን የተኛሁበት ክፍል ነው፣ ከጎኔ ያለችውም ከወዲያ ያለችውም የኔው ህመም ያለባት፣ አፍንጫውን የሚይዝ የለም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣው ቱቦ፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ እሱ እውነት ለመናገር ያሰለቻል፣ ጀርባ ያማል። ሲስተሮቹ በቁልምጫ ነው የሚጠሩን። ሁሉም በአንዴ አይደፈንላትም፣ ደግማ የምትሰራም አለች፣ ይሄን አውቃችሁ ሂዱ። ስወጣ ሌላ ልጅ ከመጣ ቤት እንዳትወልጂ፣ በኦፕራሲዮን ነው ብለው አስጠንቅቀውኛል።

ካቴተሩ የወጣ ሌሊት አንሶላውን በእጄ እየዳሰስኩ ነቃሁ፣ ደረቅ። እሷ ለልጇ ስትል አገር ተመልሳ ነበር፣ ሊነጋ ሲል ደወልኩና "ደረቅ ነው" ብቻ አልኳት። ልጇን ቀስቅሳ "አክስትህ ዳነች" ስትለው በስልክ ሰማሁ።

የምታፍር ካለች ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ስምሽን አልጠይቅሽም፣ መንገዱን አሳይሻለሁ።