አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ያላችሁ፣ እኚህን ሰው ሳታማክሩ ሞተር አታስወርዱ

ይሄ ጽሁፍ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። እንግሊዝ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ኦክስፎርድና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ መኪና ያላችሁም የሌላችሁም አንብቡት። አንድ መካኒክ ላመሰግን ነው። ስማቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ለምነውኛል፤ ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መኪናዋ የእኔ አይደለችም፣ የጎረቤታችን ናት። የምንኖረው አቢንግደን ነው። ድሮ የኤምጂ የስፖርት መኪኖች የሚገጣጠሙት እዚህ ነበር፤ ፋብሪካው በ1980 ተዘጋ። ጎረቤታችን ወጣት ሳሉ እዚያ ሰርተዋል። ልጆቼ አባባ ይሏቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ለመድኩ። 1966 ላይ የተሰራች ኤምጂቢ አለቻቸው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግን ከጋራዥ አልወጣችም።

80 ዓመት ሲሞላቸው ምን እናድርግልዎ አልናቸው። ኬክ የሚሉ መስሎኝ ነበር። "ከፋብሪካ ስትወጣ 95 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ስንቱ እንደቀረ በወረቀት ማየት እፈልጋለሁ" አሉ።

ለማታውቁት፣ ዳይኖ የሚባል ማሽን አለ። መኪናዋ ወለሉ ላይ በተቀበሩ ተሽከርካሪ ብረቶች ላይ ትቆማለች፣ በጠንካራ ቀበቶ ትታሰራለች፣ ከዚያ ባለችበት ትነዳለች። ጎማዎቿ ብረቶቹን ሲያዞሩ ኮምፒውተሩ ጉልበቷን ያነባል። ሲያዩት ቀላል ነው። ግን ለዓመታት የተኛን ሞተር ድንገት በደቂቃ ከአምስት ሺህ ዙር በላይ ማስጮህ እሱን መግደል ሊሆን ይችላል። ይሄን የነገሩን ጋሼ ብቻ ናቸው።

ለአባባ ዕዳ አለብኝ። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ምጥ የያዘኝ በውድቅት ነው። ባለቤቴ ለንደን የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበር። አምቡላንስ ይዘገያል አሉኝ። በራቸውን አንኳኳሁ። ሌላዋ መኪናቸው ለጥገና ገብታ ስለነበር በዚችው ኤምጂቢ ጫኑኝ። ትልቁን ልጄን ባለቤታቸው አቅፈው ቀሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። መኪናዋ ከመሬት ጋር የተጣበቀች ናት። ያን ሆድ ይዤ እንዴት እንደገባሁ ማርያም ትወቅ። መግባቱስ ደህና፤ ሆስፒታሉ በር ላይ የወጣሁት ሁለት ነርሶች ጎትተውኝ ነው። ስለዚህ አባባ ወረቀት ከፈለጉ ወረቀቱ ይመጣል አልኩ።

አሁን ወደ ምሬቱ። የማንንም ስም አልጠራም፣ ቦታም አልናገርም።

መጀመሪያ የሄድንበት ጋራዥ መካኒኩ እኔን ትቶ ለባለቤቴ ነበር የሚያስረዳው። ባለቤቴ ስለ መኪና የሚያውቀው ቤንዚን መቅዳት ነው። የደወልኩት እኔ፣ ቀጠሮ የያዝኩት እኔ፣ የምከፍለው እኔ! የዚች መኪና ባትሪዎች ከወንበሮቹ ጀርባ ወለሉ ስር ናቸው፤ ባለ ስድስት ቮልት፣ ሁለት። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ሲፈልጋቸው ቆየ። ካገኛቸው በኋላ አዲስ ገዝቶ ገጠመ፤ ግን እንደ ዛሬ መኪና ኔጋቲቩን ከቦዲው ጋር አሰረው። የኤምጂቢ እስከ 1967 ድረስ ተቃራኒ ነው፣ ቦዲው ላይ የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ጌጅ እዚያው ሞተ። ለምን ብንለው "አርጅታለቻ!" አለን። ሒሳቡን ግን አልቀነሰም።

ሁለተኛው ሞተሩን ጥቂት አስነስቶ ሰማና "አልቆለታል፣ ይውረድ" አለ። የጠራው ገንዘብ ብዙ ሺህ ፓውንድ ነው። አባባ ክው ሲሉ ጊዜ "ካልሆነ እኔ ልግዛዎት" ብሎ ሌላ ዋጋ ጠራ። በዚያ ዋጋ ጥሩ ሳይክል አይገዛም። እንዴት አይነት ድፍረት ነው?

ሦስተኛው ራሱ ዳይኖ ያለው ነው። "አምጧት፣ አስረን እስከ ጥጉ እንረግጣታለን።" ዘይቷ መቼ ተቀየረ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ብትሰበርስ ስለው "ፈርማችሁ ነው የምትገቡት" አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

አባባ ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናዋ ማውራት አቆሙ። ስናነሳባቸው ወሬ ይቀይራሉ። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ጋሼን የጠቆመችኝ የቤተክርስቲያን እህቴ ናት። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላንድሮቨር ሲፈቱና ሲገጥሙ ያደጉ ሰው ናቸው። ደወልኩላቸው። የ1966 ኤምጂቢ ናት ከማለቴ "ባትሪዋን የነካ ሰው አለ ልጄ?" አሉኝ። ስልኩን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የድሮ ላንድሮቨርም ፖዘቲቩ ነው ቦዲ ላይ የሚታሰረው፣ ስንት ሰው ሲያቃጥል አይቻለሁ አሉኝ። ያን ሁሉ ጋራዥ ዞረን ያላገኘነውን በስልክ አገኘነው።

ቅዳሜ ቤት ድረስ መጡ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ መኪናዋ ሳይሆን ወደ አባባ ነው። ጎንበስ ብለው ጨበጧቸው፣ ሻይ አብረው ጠጡ፣ ፋብሪካው ውስጥ ምን ይሰሩ እንደነበር ጠየቋቸው። አባባ ትንሽ አፈሩ። ሞተሩ ከኮቨንትሪ ተሰርቶ አልቆ ነበር የሚመጣው፤ የእሳቸው ስራ በር መግጠም ነበር። "ስለ ሞተር ምንም አላውቅም፣ ይቺንም እኔ ልግጠማት ሌላ ሰው አላውቅም" አሉ። ጋሼ ተነስተው የመኪናዋን በር ከፍተው ዘጉት። ቀጭ አለ። ደግመው ከፍተው ዘጉት። "በሩ እስከዛሬ ስራውን አልረሳም። ሞተሩን ለእኔ ይተዉት" አሏቸው። አባባ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእሳቸው ሰው ሆኑ።

የሰሩትን ሁሉ ብዘረዝርላችሁ ደስ ባለኝ፣ ግን ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። የቆየውን ቤንዚን አስወጡት፤ የቀለም ሽታ ነበረው። ከ2021 ወዲህ በዚህ አገር ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፣ የድሮ ጎማ ቱቦ ደግሞ እሱን አይችልም፤ ቱቦዎቹን ለወጧቸውና ኤታኖሉ የሚያንሰውን፣ ኢ5 የተባለውን ቤንዚን ብቻ ቅዱ አሉን። እርሳስ ያለበት ቤንዚን እዚህ በ2000 ቀርቷል፣ የድሮ ሞተር ቫልቭ ግን እሱን ለምዶ ነው የተሰራው፤ ለዚያም የሚጨመር ፈሳሽ አለ። ወፈር ያለውን 20ደብሊው-50 ዘይት ሞሉ። ካንዴላዎቹን አወጡ፣ ራዲያተሩን አጠቡ። የባትሪውን ፖዘቲቭ መልሰው ከቦዲው ጋር አስረው ዲናሞውን በአንዲት ሽቦ ነካ ሲያደርጉት መሙላት ጀመረ። አስማት መሰለኝ። የሞተውን ጌጅ ጌጅ ብቻ ለሚጠግን ሰው ልከው አስመለሱ።

ያ "አልቆለታል" የተባለው ሞተርስ? የአራቱን ሲሊንደር ግፊት አንድ በአንድ ለክተው ቁጥሮቹን ካርቶን ላይ ጻፉ። ሦስቱ ተቀራራቢ ናቸው፣ አንደኛው ወርዷል። "ልጄ፣ የቁጥሩ ትልቅነት ብቻ አይደለም፣ መቀራረቡ ነው" አሉኝ። በወረደው ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ለኩ። አልተነሳም። "እሰይ! የፒስተኑ ቀለበት አይደለም፣ ቫልቩ ነው" አሉ። ለምን እሰይ እንዳሉ አልገባኝም ነበር። የቫልቩን ክፍተት የምትለካ አንዲት ስስ ብረት አወጡ፣ 0.015 ኢንች። ቫልቩ ከሚገባው በላይ ጠብቆ ኖሯል። ላላ አደረጉት፣ እንደገና ለኩ፣ ቁጥሩ ከጓደኞቹ ጋር ገጠመ። በቃ። ሞተር ይውረድ፣ ብዙ ሺህ ፓውንድ ይምጣ የተባለው በመፍቻና በካቻቢቴ አለቀ። ባለቤቴ ያን ሰውዬ ሄጄ ላናግረው ብሎ ተነስቶ ነበር፣ እኔ ነኝ የያዝኩት።

ዳይኖ የተያዘልን ቀን ሲቃረብ ጋሼ ጎማዎቹን አጎንብሰው ሲያነቡ አየኋቸው። የጎማዎቹ ጥርስ ሙሉ ነው፣ አዲስ ነው የሚመስሉት። ጎማ ላይ የተሰራበት ቀን ይጻፋል፤ ከ2000 ወዲህ አራት አሃዝ ነው፣ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ። የአባባ ላይ ያለው ሦስት አሃዝ ብቻ ነው። ከ2000 በፊት የተሰራ ማለት ነው! እዚህ አገር ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ የሆናት መኪና፣ ብዙ ነገሯ ካልተቀየረ፣ ዓመታዊ ምርመራ የመግባት ግዴታ የለባትም። ስለዚህ ማን ያየዋል? ጋሼ ቀጠሮውን ሰረዙት። የተከፈለው ማስያዣ ሲቀልጥ ከኪሳቸው ነው የቻሉት፣ እኛ ልንሰጣቸው ብንል እምቢ አሉ። "እዚያ ብረት ላይ ሲፈነዳ ማየት አልፈልግም" አሉ። ልጄን ልወልድ የሄድኩት በእነዚያ ጎማዎች መሆኑን ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የካርቡሬተሩ ቀን ነው። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቁ፣ ኤስዩ የሚባሉ ሁለት ካርቡሬተሮች አሏት። ሁለቱ እኩል አየር መሳብ አለባቸው። ዛሬ መለኪያ መሳሪያ አለው፣ ጋሼም አላቸው። እሳቸው ግን ቀጭን የጎማ ቱቦ አወጡ። አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ አድርጎ ሽውታውን መስማት ነው። ሞተሩ እየሰራ ቱቦውን ለአባባ ዘረጉላቸው። አባባ "እኔ በር ገጣሚ ነኝ" አሉ። "ጆሮ ይበቃል" አሏቸው።

የአባባ ጆሮ ደህና ነው፣ እጃቸው ነው የሚንቀጠቀጠው። ወንበር አመጣሁላቸው። የፊቱን ሰሙ፣ የኋላውን ሰሙ፣ ተመልሰው የፊቱን። "የኋላው ይበልጣል" አሉ። ጋሼ ብሎኑን በስሱ አዞሩ። "አሁን የፊቱ።" መለሱት። ጋሼ አልቸኮሉም። ሌላ ደንበኛ ሲደውል ስልኩን አጠፉት። እንዲህ ሲባባሉ ቆይተው አባባ አውራ ጣታቸውን አነሱ። ጋሼ ቱቦውን ተቀብለው ራሳቸው ሁለቱንም አዳመጡ። ምንም አልነኩም። ካቻቢቴውን ኪሳቸው ከተቱና "ጨርሰዋል" አሏቸው። አባባ ቀኑን ሙሉ ቱቦውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ዋሉ። የእኔ ልጆች ዶክተር ይሏቸው ጀመር።

በአዲሶቹ ጎማዎች ዳይኖው ላይ ስትወጣ ጋሼ ዘይቱ ሳይሞቅ ማንም ነዳጅ እንዳይረግጥ ከለከሉ። ከፊቷ ትልቅ ማራገቢያ ተደረገ። በመጀመሪያ ለስለስ ተደርጋ ተነዳች፣ ቆማ ተፈተሸች፣ ከዚያ ነው የተለቀቀችው። ድምጹ! ደረቴ ውስጥ ነው የሰማሁት። ወረቀቱ ወጣ፤ 71።

አባባ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። "24ቱን ፈረስ ማን ሰረቀኝ?" አሉ፣ የምር ተቆጥተው። ጋሼ ሳቁ። 95 የተባለው ፋብሪካው ሞተሩ ላይ የለካው ነው፤ ማሽኑ የሚያነበው ደግሞ ጎማ ላይ የደረሰውን ነው። "ደሞዝ ሳይቆረጥና ሲቆረጥ አንድ ነው እንዴ? ካምቢዮና ዲፈረንሻል ግብራቸውን ይወስዳሉ" አሉ። ስተረጉምላቸው አባባ ግብር የምትለዋ ላይ ሳቃቸው መጣ። ለዕድሜዋ በጣም ጤነኛ ናት ብሎ የማሽኑ ባለቤትም መሰከረ። ወረቀቱ አሁን ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ነው። የመጣ እንግዳ ሁሉ ስለ ግብሩ ሳይሰማ አይወጣም።

ሒሳቡ ሲመጣ እያንዳንዱ ነገር ተጽፎበታል። ጎማዎቹን በገዙበት ዋጋ ነው የሰጡን። የወጣውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን አስረክበውናል፣ "የእናንተ ነው፣ ቁጠሩት" ብለው። ከዚያ በፊት የሄድንባቸው ቦታዎች አንድ ካንዴላ እንኳ መልሰውልን አያውቁም።

ወገኖቼ፣ ኤምጂ፣ ትራያምፍ፣ ኦስቲን፣ ሞሪስ፣ የድሮ ላንድሮቨር ያላችሁ ወይም ያለው ጎረቤት ያላችሁ፣ እባካችሁ እኚህን ሰው አማክሩ። አልቆለታል የተባላችሁ ደግሞ በተለይ። ፕሪየስ የምትነዱ የታክሲ ወንድሞችም አትፈሩ፣ ያንንም ይሰራሉ፤ የእህቴ ባል እሳቸው ጋ ነው የሚያሰራው። ሴቶች ደግሞ ብቻችሁን ሂዱ፣ ባል ይዛችሁ መሄድ አያስፈልጋችሁም። አይን አይናችሁን እያዩ ነው የሚያስረዷችሁ።

ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ አይንጠፍ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ቀን ላይ መኪና ስር ስለሚሆኑ አያነሱም፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት በኋላ ደውሉ። እሁድ አይሰሩም። "ለነገ ይደርስልኛል ወይ?" ብላችሁ ደግሞ አትጠይቋቸው፣ አይወዱም።