«ክብደቷ ተመልሷል» ከተባልን በኋላ

ይህን የምጽፈው እህቴን አስፈቅጄ ነው። «ስሜን ካልጠራሽ ጻፊ» ብላኛለች። ያከመቻት ባለሙያም ስሟ እንዲወጣ አልፈለገችም። ሳይኮሎጂስቷ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ አድራሻዋን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

እህቴ አኖሬክሲያ ነበረባት፤ ውፍረትን አጥብቆ ከመፍራት ምግብ የሚያስተው የአእምሮ ሕመም ነው። እኛ ሰፈር፣ ቦሌ አራብሳ፣ እንዲህ ያለ በሽታ አለ ብሎ ማን ያስባል? አንዷ ጎረቤት «ቡዳ ነው» አለች፣ ሌላዋ «የፈረንጅ በሽታ»። እኛም ጾም አጥብቃ ነው እያልን ስንት ወር አሳለፍን። በመጨረሻ ሆስፒታል ተኛች። ክብደቷ ሲመለስ «ጨርሰናል፣ በደንብ ትብላ» ብለው ሸኙን። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። በሁለት ወሩ እንጀራውን በጣም አድቅቃ እየቆራረሰች ትሪው ዳር መደርደር ጀመረች።

ሳይኮሎጂስቷን ያገኘናት ያኔ ነው። አያት፣ ባቡሩ ከሚቆምበት ብዙም ሳይርቅ፣ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ አንድ ክፍል አላት። ሁለት ወንበርና አንድ ሶፍት፣ በቃ። ክብደቷንና ደሟን የሚከታተል ሐኪም ከሌለ አልጀምርም አለች፤ እሱን ቀድመን አገኘን። ከዚያ «የማገርሸት አደጋው የሚከፋው በመጀመሪያው ዓመት ነው፣ ስለዚህ ዓመቱን አብረን እንቆያለን» አለችን። እናቴ ደነገጠች። «ልጄ፣ ድናለች አይደል እንዴ?» «ሰውነቷ አገግሟል እማማ፣ ፍርሃቱ ግን ገና አለ።»

እኔ ነገር ማጣራት እወዳለሁ። መድኃኒት አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልተቆጣችም። ክብደታቸው ለተመለሰላቸው ሕሙማን ፍሉኦክሰቲን የሚባለው የድብርት መድኃኒት፣ መድኃኒት ከሌለበት ክኒን የተሻለ እንዳልሠራ በፈረንጆቹ 2006 የወጣ ጥናት እንዳለ ነገረችኝ። በ2003 የወጣ ሌላም አለ፤ ኒውዮርክ ውስጥ ከሆስፒታል የወጡ 33 ሴቶችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ። አስተሳሰብና ባህርይ ላይ የሚሠራውን የንግግር ሕክምና ካገኙት ያገረሸባቸው ወይም ያቋረጡት 22 በመቶ ነበሩ። የአመጋገብ ምክር ብቻ ካገኙት ግን 73 በመቶ። «ትንሽ ጥናት ነው፣ ብዙ አትመኪበት» ብላ መጨመሯ ነው ልቤን የገዛው።

ሥራው ምን ይመስላል ለምትሉ፣ እህቴ ቁም ሳጥን በር ውስጥ በኩል፣ በሽታው ሊመለስባት ሲል የሚታዩ ምልክቶች ያሉበት አንድ ወረቀት ተለጥፏል። በራሷ እጅ የጻፈችው ነው። «ሳልበላ በልቻለሁ ስል። በፀሐይ ሹራብ ስደርብ። ለሰው ወጥ ሠርቼ እኔ ሳልቀምስ ስቀር።» ከእያንዳንዱ ጎን ለማን እንደምትናገር ተጽፏል። ሹራቡ ጋ ያለሁት እኔ ነኝ።

ከሁሉ የከበደን «ወፈርሽ» የሚባለው ነገር ነው። ለእኛ ሰው ምርቃት ነው እኮ! አንድ ለቅሶ ላይ አክስቴ «ውይ፣ ተመችቶሻል!» ስትላት ያን ቀን እራት ሳትበላ ተኛች። ሳይኮሎጂስቷ ይህንን ሰምታ ምን አደረገች? ራሷ አክስቴን ሆና ተጫወተች። እህቴ መልስ ትለማመዳለች፣ እሷ ጉንጭ ትቆነጥጣለች። ውጭ ተቀምጬ ሳቃቸውን እሰማ ነበር።

ለእናቴም የቤት ሥራ ነበራት፦ ጉርሻ ልጅቷ ራሷ ስትጠይቅ ብቻ። ምስኪን፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ሁላችንም ፈራን። 55 ቀን ለመደበቂያ ምቹ ነው። ሳይኮሎጂስቷ በሃይማኖት ጉዳይ አልገባም፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ አለቻት። አባም ሳያቅማሙ «ለበሽተኛ ጾም የለበትም፣ ያንቺ መድኃኒት ምግብ ነው» አሏት። ምን ያህል እንደቀለላት ፊቷ ላይ አየሁ። ለፋሲካ ዶሮ ወጡን ቀምሳ «ጨው አንሶታል» አለች። እናቴ ጨው ላምጣ ብላ ጓዳ ገብታ ቶሎ አልተመለሰችም።

እንከን የላትም ወይ ካላችሁኝ፣ ክፍያው ርካሽ አይደለም፤ አቅም ለሌለው ግን ትቀንሳለች። ስልክም ቶሎ አታነሳም፣ ቴክስት ይሻላል። ቅዳሜ ወረፋ አለ፣ ከቻላችሁ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። እህቴ ሐሙስ ሐሙስ ነች፣ አሁን በወር ሁለቴ ሆኖላታል።

እናመሰግናለን፣ እናቴም «ዕድሜ ይስጥሽ በይልኝ» ብላለች።