ካምቢዮ ሁለት ጊዜ ያስወረደኝ የፍሪሲዮን ምርጫ

ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የአንድ መኪና ካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑን፣ ሁለት ጊዜ አውርጄ ሁለት ጊዜ ሰቅያለሁ። ሁለቱንም በገዛ እጄ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ካለው ግቢያችን ማንጎ ሥር። በመጀመሪያው ጊዜ አገጣጠሜ ላይ ስህተት አልነበረም። የተሳሳትኩት ገና አንድ ብሎን ሳልፈታ፣ ዕቃ ስመርጥ ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ ሁለት ፍሪሲዮኖች፣ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ስለሚያገናኙና ስለሚያለያዩ ዕቃዎች ነው፤ አንዱ አውጥቼ ያስቀመጥኩት፣ ሌላው አሁን እየነዳሁበት ያለው።

ሥራዬ የጀልባ ሞተር ጥገና ነው። ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ የሚመላለሱት ጀልባዎች ሞተር ሲያስነጥሳቸው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ሞተር አልፈራም። ፍሪሲዮን ግን ለእኔ እንግዳ ነበር፤ በእኛ የጀልባ ሞተሮች ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚገባው ማርሽ ጥርስ ለጥርስ ተያይዞ ነው የሚሠራው፣ ተፋጭቶ የሚያልቅ ሸራ የለውም።

መኪናዋ በፈረንጆቹ 2003 የተሠራች ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ ባለ 1.8 ሊትር። ሞተሯ 2ዜድዜድ ይባላል፣ ቴስታታው፣ ቫልቮቹ ያሉበት የላይኛው ክፍል፣ ከያማሃ ጋር ተባብረው የሠሩት ነው፣ ካምቢዮዋ ባለ ስድስት ማርሽ። እስከ 6 ሺህ ዙር ድረስ ጨዋ የቤት መኪና ትመስላለች፤ ወደ 6 ሺህ 200 ስትጠጋ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ወደ ረጅሙ ይቀየርና ድምፅዋም ጉልበቷም ሌላ ይሆናል። ይህን ድምፅ ስለምወድ ነው ነዳጅ ቆጣቢ ቪትስ ያልገዛሁት። አሁን ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እሷን የሚተካ አላገኝም፤ ያለችኝን በደንብ መያዝ አለብኝ።

የፋብሪካው ፍሪሲዮን ያለቀው ከአዲስ አበባ ስመለስ ነው። የዓባይን በረሃ ድልድይ ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ፣ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት ዙሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። የእናንተም ተጠርጥሮ እንደሆነ ዳገት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ሜዳ መንገድ ላይ በዝግታ እየሄዳችሁ ከፍተኛ ማርሽ አስገቡና ነዳጁን ጠበቅ አድርጋችሁ ስጡ። ዙሩ ብቻውን ከሮጠ ሸራው አልቋል፣ ወይም ዘይት ነክቶታል። እነዚህ ሁለቱ የተለያየ ነገር መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እዚህ ላይ ነው የሳትኩት። «መኪናዋ ፈጣን ናት፣ ስለዚህ ጠንካራ ፍሪሲዮን ያስፈልጋታል» አልኩ። ዱባይ ያለው ያጎቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ባለ ስድስት ጥርስ የሴራሚክ ዲስክ ዲስኩን ጨምቆ ከሚይዘው ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌት ጋር ይዞልኝ መጣ። ሳጥኑ ላይ የሞተሬን ጉልበት እጥፍ እንደሚሸከም ተጽፏል። ዲስኩ መሃሉ ላይ ምት የሚያለሰልሱ ሞላዎች የሉትም፣ ሸራውም ሙሉ ክብ ሳይሆን ስድስት ለየብቻ የተቀመጡ የብረትና የሴራሚክ ቁራጮች ነው። በእጄ ስይዘው ደስ አለኝ። ጠንካራ ነገር ነው፣ ሙቀትም ይችላል። ለውድድር መኪና የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል።

ከገጠምኩት በኋላ የመጀመሪያው ጠዋት ጊዮርጊስ አደባባይ ላይ ከባጃጆች መሃል ገባሁ። ፔዳሉን ቀስ እያልኩ ስለቅ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ዘለለች። ሴራሚክ ወይ ይነክሳል ወይ ይለቃል፤ መሃል የለውም። ከፊት ያለችው ባጃጅ አንድ ሜትር ስትንቀሳቀስ እኔም አንድ ሜትር መንቀሳቀስ አለብኝ፣ ግን አንድ ሜትር የሚባል ነገር የለኝም፤ ወይ ቆሜያለሁ ወይ ሦስት ሜትር ዘልያለሁ። ፔዳሉ ከመጠንከሩ የተነሳ ማታ ግራ ጉልበቴን ያመኛል። ባለቤቴ አንድ ቀን ሞክራ ቁልፉን መለሰችልኝ። «ይሄ የአንተ ይሁን» አለችኝ። ጠንካራ ፕሬዠር ፕሌት ደግሞ እግርን ብቻ አይደለም የሚጎዳ፤ ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር ያ ሁሉ ግፊት ኮሎ በሚባለው የሞተሩ ዋና ዘንግ ላይ፣ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ በሚይዘው ቡሽ ላይ ያርፋል። መብራት ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ መጠበቅ ልማዳችን ስለሆነ ይህን አስቡበት።

ሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ። ዕድሜያቸውን ኤንትሬ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ናቸው፣ አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፍ አይዙም። ይዤአቸው አንድ ዙር ዞርን። ሲወርዱ ስለ ዲስኩ ምንም አልጠየቁኝም።

«ቀን ስንት ጊዜ ቆመህ ትነሳለህ?» አሉኝ።

«ቆጥሬ አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ቁጠርና ንገረኝ።»

በማግስቱ ከቤት እስከ ጀልባ ማቆሚያው፣ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ልጄን ከትምህርት ቤት አምጥቼ እስክገባ ቆጠርኩ። 43 ጊዜ። ዙሩ 6 ሺህ 200 የደረሰው ስንት ጊዜ ነው? አንድም። ማታ ስነግራቸው «ታዲያ ለ43ቱ ነበር መግዛት» አሉኝ።

ሌላም ሒሳብ ነበር፣ ቀድሜ ልሠራው የሚገባኝ። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር የሚሰጠው ትልቁ የማዞር ጉልበት 180 ኒውተን ሜትር ነው፣ እሱም 6 ሺህ 800 ዙር ላይ። ይህ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ የእኔ ሞተር እዚህ የሚያወጣው 150 ገደማ ነው። የፋብሪካው ዓይነት ፍሪሲዮን ለ180ው ከነትርፉ የተሠራ ነው፤ እኔ ደግሞ 180ውንም የማያወጣ ሞተር ላይ የ360 ፍሪሲዮን ሰቅዬ ጉልበቴን አሳምማለሁ። ቱርቦ የጨመራችሁበት መኪና ካላችሁ ሒሳቡ ሌላ ነው። ያልተነካ ሞተር ከሆነ ግን በእኛ ደጋ አገር «ስቴጅ» የሚሉት የጠነከረ ፍሪሲዮን ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ግዢ ኤክሰዲ ነው፣ ለዚሁ ሞተር የሚሠራው መደበኛ ኪት። ዲስክ፣ ፕሬዠር ፕሌት፣ ገፊ ኩሽኔታና ዲስኩን መሃል ላይ የሚይዝ የፕላስቲክ ዘንግ አብረው ይመጣሉ። አይሲንም ቢሆን አልጠላም ነበር፣ የቶዮታ ቤተሰብ ነው፤ ያን ሰሞን ሱማሌ ተራ የተገኘው ኤክሰዲ ስለሆነ ነው። 32 ሺህ ብር ከፈልኩ። አሮጌ ሳጥን ላይ «ዳይኪን» የሚል ብታዩ ሌላ ፋብሪካ አይምሰላችሁ፤ ኩባንያው እስከ 1995 ዳይኪን የሚል ስም ነበረው።

ሱማሌ ተራ ስሄድ አሮጌውን ዲስክ በፌስታል ይዤ ነው የሄድኩት። ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። ሻንሲ ቁጥር ይጠቅማል፣ አሮጌውን ዕቃ ከአዲሱ ጎን እንደማስቀመጥ ግን የለም። ስፋቱ 212 ሚሊ ሜትር፣ መሃሉ ላይ ዘንጉ የሚገባበት ጥርስ 21። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ያሳየኝ ሳጥን ከውጭ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ኩሽኔታውን በጣቴ ሳሽከረክረው ግን እንደ አሸዋ ሻከረኝ፣ የዲስኩ ሪቬቶችም አንዳንዱ ጠልቆ አንዳንዱ ብቅ ብሏል። ዋጋው ግማሽ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። ካምቢዮ አውርዶ መስቀል ለእኔ ሁለት ቀን ነው፤ በርካሽ ኩሽኔታ ምክንያት ሦስተኛ ጊዜ ላወርድ አልፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሳጥኑ ውስጥ ስለሌሉት ዕቃዎች። ለሁለተኛ ጊዜ ሳወርድ የሴራሚኩ ዲስክ ጠርዝ እርጥብ ነበር። ዲስኩ የሚያርፍበትን ከባድ ክብ ብረት፣ ቮላኖውን፣ ፈትቼ ሳነሳ ከኋላው ያለው የኮሎ ኦይል ሲል፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ጎማ፣ ላቡን ያወጣል። በመጀመሪያው ጊዜ አይቼው «ደረቅ ነው» ብዬ አልፌው ነበር። ደረቅ የመሰለኝ ሃያ ዓመት የሞላው ጎማ ነው! ዋጋው ከኪቱ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም፤ እሱን ለመድረስ የሚወስደው ድካም ግን ፍሪሲዮን ከመቀየር ጋር እኩል ነው። ስለዚህ የኮሎው ኦይል ሲል፣ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኦይል ሲል፣ ኩሽኔታውን የሚገፋውን ሹካ የሚሸፍነው ጎማና የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ ጎማዎች ከኪቱ ጋር በአንድ ቀን ይገዙ። ለእኔ የፍሪሲዮን ኪት ማለት ይህ ሁሉ ነው።

ዘይቶቹም እንዲሁ። ፓምፑ የሚሠራው በፍሬን ዘይት ነው፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ባለፈው ክረምት ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመውን ጠርሙስ ትታችሁ ያልተከፈተ ግዙ። ለካምቢዮው 75 ደብልዩ 90፣ ጂ ኤል 4 የሚል፣ 2.3 ሊትር ይይዛል። ሁለት ሊትር ገዝታችሁ እንዳትመለሱ፣ ሦስት ግዙ።

ቮላኖውን ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ሴራሚኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ፊቱን ቧጭሮታል፣ ሰማያዊ ትኩስ ነጠብጣቦችም ነበሩበት። ባለሙያው እስኪስተካከል ድረስ ብቻ እንዲልጠው ለመንኩት፤ ብዙ ከተላጠ ይሳሳል። ቀላል የአሉሚኒየም ቮላኖ ማስመጣትም አሰኝቶኝ ነበር። በእሱ የሞተሩ ዙር ቶሎ ይወጣል፣ እውነት ነው። ግን ከባዱ ቮላኖ ነው ከቆመበት ስትነሱ ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚያግዘው። ይህ ሞተር ታች ዙር ላይ በተፈጥሮው ደካማ ነው፣ ከፍታው ደግሞ ይብሱን ያደክመዋል። ቤዛዊት ዳገት ላይ ቆሜ ስነሳ ማንን እንደምፈልግ አሰብኩና ከባዱን አስቀረሁ።

ስለ መግጠሙ ብዙ አልልም። ሞተሩን ከላይ በሰንሰለት አንጠለጠልን፣ ካምቢዮውን እኔና ወንድሜ በክሪክና በጎማ ተደግፈን አወረድነው። ሦስት ነገር ብቻ ላንሳ። አዲሱ ፕሬዠር ፕሌት ፊቱ ላይ ዝገት መከላከያ ቅባት ይዞ ይመጣል፤ በቤንዚንና በደረቅ ጨርቅ ካልጠረጋችሁት አዲሱን ሸራ በመጀመሪያው ቀን ታበላሹታላችሁ። የዲስኩ ሞላ ያለበት ጎን ወደ ካምቢዮ ነው የሚዞረው። የፕሬዠር ፕሌቱ ብሎኖች ደግሞ በትይዩ እየተቀያየሩ፣ ጥቂት በጥቂት፣ እስከ 19 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቁት። ይህ ትንሽ ነው፤ በረጅም ቁልፍ በግምት ብትስቡት ብሎኑ ይበጠሳል። መለኪያ ያለውን ቁልፍ ከጓደኛዬ ተውሼ ነው የሠራሁት።

አዲስ ሸራ ፊቱ ከቮላኖው ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል። 800 ኪሎ ሜትር ያህል በከተማ ውስጥ፣ እየቆሙ እየተነሱ፣ ሳይቸኩሉ። የአውራ ጎዳና ጉዞ አይቆጠርም፣ ምክንያቱም እዚያ ፍሪሲዮኑ ተይዞ ስለሚሄድ አይፋጭም። ያ ሲያስመርረኝ የነበረው የባጃጅ ሰልፍ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሆነ። ለሁለት ወር ያህል ከ4 ሺህ ዙር አላለፍኩም።

አሁን አምስተኛ ወሩ ነው። ፔዳሉ ለስላሳ ነው፣ የሚይዝበት ቦታ ከመሃል ትንሽ ከፍ ብሎ ግልጽ ሆኖ ይታወቃል፣ አይንቀጠቀጥም። ልምምዱን ከጨረስኩ በኋላ በአዴት መንገድ ጭር ባለ ጠዋት በሦስተኛ ማርሽ እስከ ላይ ጎተትኳት፤ ካሙ ሲቀየር ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ወጡ፣ መንሸራተት የለም፣ ሽታ የለም። ከሥር አጎንብሼ በባትሪ አየሁ፤ የካምቢዮውና የሞተሩ መጋጠሚያ ደረቅ ነው። በፈጣን መኪና ሰበብ ሴራሚክ ልትገዙ የተነሳችሁ ካላችሁ፣ የእኔ ሳጥኑ ውስጥ ተመልሶ መደርደሪያ ላይ ነው፤ መጥታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት፣ ከዚያ ደግሞ የእኔን መኪና አንድ ዙር ንዱ።

ያለፈው እሁድ ባለቤቴ ነዳች። በዓባይ ድልድይ ተሻግረን ወደ ቤዛዊት ስንወጣ ዳገቱ መሃል ላይ ላሞች ገቡብን። ቆመች። እረኛው እስኪያሳልፋቸው ጠበቀች፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች፣ ተነሳች። ስለ እህቷ ሰርግ እየነገረችኝ ነበር፣ ወሬውን አላቋረጠችም።