ኤሌክትሮን ወይስ አልፋ? የካርቦን 12 ምርመራ

አራት ኪሎ ባለው የሳይንስ ግቢ የካርቦን 12 ኒውክሊየስን የኃይል ደረጃዎች ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠ ተማሪ ቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ ይህ ነው፦ በኤሌክትሮን ይመታ ወይስ በአልፋ ቅንጣት (ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን ባለው የሂሊየም ኒውክሊየስ)?

እኔ ወደ ኤሌክትሮን አደላለሁ። ኤሌክትሮን ከኒውክሊየስ ጋር የሚገናኘው በኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይል ነው። ይህ ኃይል ጠንቅቆ ስለሚታወቅ በልኬቱ የሚታየው ምስጢር የኒውክሊየሱ ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ ለኒውክሊየሱ የሚተላለፈው ኃይል (ኢነርጂ) እንዳለ ሆኖ ኤሌክትሮኑ የሚበተንበትን ማዕዘን በመለወጥ ብቻ የሚተላለፈውን ሞመንተም (የእንቅስቃሴ መጠን) መቀያየር ይቻላል። እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ፍሬድ ሆይል ከዋክብት ካርቦን እንዲሠሩ የግድ መኖር አለበት ያለው የ7.65 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት (የኒውክሊየስ ኢነርጂ መለኪያ) ደረጃ ጥሩ ማሳያ ነው። እሱም ሆነ መሠረታዊው (ዝቅተኛው) ደረጃ ስፒናቸው (የውስጥ ሽክርክሪታቸው) ዜሮ ስለሆነ አንድ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ብቻውን ኒውክሊየሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሸጋግር አይችልም፤ ኤሌክትሮን ግን ይችላል። ጀርመን ውስጥ ዳርምሽታት ባለው ማፋጠኛ ይህ ሽግግር በዚሁ መንገድ ተለክቷል።

አልፋስ? ፕሮቶንና ኒውትሮንን አንድ ላይ በሚያስተሳስረው በጠንካራው ኃይል ስለሚጋጭ ብዙ ውጤት በአጭር ጊዜ ይሰጣል። ፕሮቶንንም ኒውትሮንንም ያያል፤ ኤሌክትሮን ለኒውትሮን ዳተኛ ነው። ውጤቱን ለመተርጎም ግን ሞዴል መምረጥ የግድ ነው፣ ክርክሩም የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ኤሌክትሮንም ጣጣ አያጣም። እየተበተነ ፎቶን ስለሚረጭ በልኬቱ ግራፍ ላይ የኃይል ደረጃን ከሚያሳይ ከእያንዳንዱ ጫፍ ኋላ ረጅም የጨረር ጅራት ይጎትታል፣ ደካማ ደረጃዎችም ከሥሩ ይደበቃሉ። ቢሆንም አንድ ኮምፒውተር ብቻ ላለው ተማሪ የኤሌክትሮኑ ስሌት ይቀላል።